ባዶ በርሜል ከመቁረጥ በፊት፦ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማዋል ይበቃል ወይ?

ብረትና እሳት (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች። ባለ 200 ሊትር በርሜል ቁመቱን ይዘን ለሁለት እየሰነጠቅን የሥጋ መጥበሻ ምድጃና የከብት ማጠጫ ገንዳ እንሠራለን። በርሜሎቹ የሚመጡት ከመርካቶው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከምናለሽ ተራ ነው። አብዛኞቹ የሞተር ዘይት የነበረባቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹ ናፍጣ ወይም ቤንዚን ይሸታሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ጽሑፋቸው ተፍቆ ምን እንደነበረባቸው አይታወቅም። የተለመደው አሠራር በኦሞ ማጠብ፣ ክዳኑን ከፍቶ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ማዋል፣ ከዚያ በግራይንደር ወይም በጋዝ መቁረጥ ነው። ይኼ ይበቃል? ካልበቃ ምን ይጨመር? ሠራተኞቹ ወጣቶች ስለሆኑ በግምት መሄድ አልፈልግም።

የብየዳ መምህር፦
አይበቃም። ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳህ።

የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን አንዲት ፍንጣሪ ታፈነዳዋለች። 200 ሊትር በርሜል ውስጥ 1.4 በመቶ ማለት 2.8 ሊትር ትነት ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ቤንዚን ሲተን ከ150 ሊትር በላይ ስለሚሆን፣ ያን ያህል ትነት ለመስጠት አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ፈሳሽ በቂ ነው። ያ አንድ ማንኪያ የበርሜሉ ራስ ከጎኑ ጋር ተጠቅልሎ በተያያዘበት ጠርዝ ውስጥና ዝገቱ ሥር በቀላሉ ይቀራል። ኦሞ እዚያ አይደርስም። ፀሐዩም ቢሆን ከተደበቀበት አውጥቶ ያተንነዋል እንጂ ከበርሜሉ አያስወጣውም፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ በትንሿ የክዳን ቀዳዳ ሽቅብ አይወጣም፣ ታች ይተኛል። ስለዚህ ሁለት ቀን ቀርቶ ሁለት ዓመት ተከፍቶ የቆመ በርሜልም ሊፈነዳ ይችላል።

«ናፍጣና ዘይት ነው፣ አይፈነዳም» የሚባለውም ስህተት ነው። ናፍጣ እሳት የሚይዝ ትነት መስጠት የሚጀምረው ከ55 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው፣ የሞተር ዘይት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ዲግሪ በላይ። የጋዝ መቁረጫ ነበልባል ግን ከ3000 ዲግሪ ያልፋል። ከምትቆርጠው መስመር ጀርባ ያለው ቅባት ይፈላና ነጭ ጉም ይሆናል፤ የሚፈነዳው ያ ጉም ነው። በግራይንደር ወይስ በጋዝ ለሚለውም መልሱ እዚህ ጋ ነው፦ ለዝግ በርሜል ጋዝ ከግራይንደር የባሰ ነው፣ ትነቱንም እሳቱንም ራሱ ይዞ ይመጣልና። ግራይንደርም ግን አያድንም። ፍንጣሪው በቂ ነው።

ጉልበቱን ለማየት፦ የበርሜሉ ራስ ወርዱ 57 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውስጡ 2 ባር ግፊት ቢፈጠር እንኳ ራሱን የሚገፋው ኃይል ከ5 ቶን በላይ ክብደት ያህል ነው። ብዙውን ጊዜ ተገንጥሎ የሚወረወረው የበርሜሉ ራስ ነው፤ ቆራጩ ደግሞ እሱ ላይ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሠራው።

እንግዲህ አሠራሩ። መጀመሪያ ምን እንደነበረበት የማይታወቀውን ለይተህ መልስ። የፀረ ተባይ፣ የቀለም ማቅጠኛ ወይም የፋብሪካ ኬሚካል በርሜል ሊሆን ስለሚችል የእጥበቱ ውኃ ራሱ መርዝ ነው፤ ምድጃም ገንዳም አይሆንም።

የታወቀውን ደግሞ ሁለቱንም ክዳን ፈትተህ ዝቅዝቅ አንጠፍጥፈው። ከዚያ 20 ሊትር ያህል የፈላ ውኃ በኦሞ ጨምረህ ክዳኑን ላላ አድርገህ እየገጠምክ አንከባልለው፤ ጥብቅ ካደረግኸው እንፋሎቱ ይወጥረዋል። ራሱንም ታቹንም እንዲያገኘው ገልብጠው። የሚወጣው ውኃ ላዩ ላይ የዘይት ቀለም እስከማይታይበት ድረስ ደጋግመው፤ ሦስት ዙር የተለመደ ነው። «ሽታው ጠፍቷል» ብለህ እዚህ ላይ እንዳታቆም። አፍንጫ ትነቱን ቶሎ ይለምደዋል።

ቀጥሎ አቁመህ በውኃ ሙላው፣ በክዳኑ ቀዳዳ እስኪፈስ ድረስ። ትነት የሚቀመጥበት ባዶ ቦታ እንዳይኖር ነው። ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የሚቆረጥበት ቦታ አቁመህ ሙላው እንጂ ሞልተህ አታንቀሳቅሰው።

የመጀመሪያው መክፈቻ ያለ እሳትና ያለ ፍንጣሪ ይሁን። የበርሜል ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ መሮና መዶሻ ይበቃዋል። የበርሜሉን ራስ መሃል ለመሃል በመሮ ሰንጥቅ፣ የተጠቀለለው ጠርዝ ድርብርብ ስለሆነ በሰጌቶ (በእጅ የብረት መጋዝ) ውኃ እያፈሰስክ ቁረጠው፣ ከዚያ በሁለቱም ጎን ወደታች 20 ሳንቲ ሜትር ያህል በመሮ ውረድ። ስንጥቁን ሁለቱን ክዳኖች በሚያገናኘው መስመር ላይ ሳይሆን እሱን በሚያቋርጠው መስመር ላይ አድርገው፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ አንድ ክዳን ይደርሰዋል፣ ለገንዳው ውኃ ማፍሰሻ ይሆናል። አሁን ስንጥቁን በጣውላ ሽብልቅ አስፋውና ውኃውን ድፋ። በርሜሉ ከዚህ በኋላ ዝግ ዕቃ አይደለም። ውስጡን በዓይንህ እያየህ በሽቦ ብሩሽና በጎማ ውኃ እጠበው፣ በተለይ የታችኛውን ጠርዝ። የቀረውን በግራይንደር የምትጨርሰው ከዚህ በኋላ ነው። ጠርዙ ውስጥ የቀረ ዘይት በእሳት ብልጭ ሊል ይችላልና አንድ ባልዲ ውኃ አጠገብህ ይኑር። ብልጭ ቢልም ግን ዝግ ስላልሆነ አይፈነዳም።

ብረትና እሳት፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንዳንዱ ሰው የመኪና ጭስ ማውጫ በጎማ ከበርሜሉ ጋር አገናኝቶ ትነቱን በጭስ ያስወጣል። ሌላው ደግሞ ከኦክስጅን ሲሊንደሩ ትንሽ ለቆ ያናፍሰዋል። ውኃ ውድ በሆነበት ሰፈር እነዚህ አይሆኑም?

የብየዳ መምህር፦
የኦክስጅኑን ዛሬውኑ አስቁም! ኦክስጅን አየር አይደለም። አየር ውስጥ ያለው 21 በመቶ ብቻ ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግን ንጹሕ ኦክስጅን ስለሆነ ዘይት የነካው ነገር ሁሉ በሱ ውስጥ በጣም በቀላሉ ይቀጣጠላል። ትነት ያለበት በርሜል ውስጥ መልቀቅ ፍንዳታውን ማበርታት ነው። በዚሁ አጋጣሚ፦ በኦክስጅን ቱታን ከአቧራ ማራገፍ፣ ጎማ መንፋት፣ የተደፈነ የነዳጅ ቱቦ መክፈት ፈጽሞ አይደረግም። ልብስ ኦክስጅኑን ይይዛል፤ ከደቂቃዎች በኋላ አንዲት ፍንጣሪ ስትነካው እንደ ክብሪት ይያያዛል። የኦክስጅን ሬጉሌተርና ዳዶም ግሪስ ወይም ዘይት በነካ እጅ አይያዝ።

የጭሱ ዘዴ አስተማማኝ አይደለም። የሞተር ጭስ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደቀረ እንደ ሞተሩ ሁኔታ ይለያያል፤ ናፍጣ ሞተር በሥራ ፈት ሲዞር ጭሱ ውስጥ ብዙ አየር አለ። በዚያ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይዱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። አየሩን በጋዝ ማስወጣት ካስፈለገ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም አርጎን በቀጭን ቱቦ እስከ በርሜሉ ታች አውርዶ በቀስታ መልቀቅ ነው። በቂ መሆኑ የሚታወቀው ግን በጋዝ መለኪያ እንጂ በግምት አይደለም። መለኪያ ለሌለው ቤት ውኃ ይሻላል፤ መሙላቱ በዓይን ይታያላ። ያንኑ ውኃ ደግሞ ከበርሜል ወደ በርሜል እያስተላለፍክ አምስት ስድስት ጊዜ ልትጠቀምበት ትችላለህ።

ጋራዥ ሠፈር፦
መምህሩ ያሉት ለሰልባትዮም (ለመኪና ነዳጅ ታንክ) ይሠራል፣ ግን ሰልባትዮ የራሱ ክፋት አለው። የከባድ መኪና ሰልባትዮ ውስጡ ነዳጁ እንዳይናጥ መከፋፈያ ላሜራዎች አሉት፤ እነሱ ኋላ ያለውን ክፍል አንድ ጊዜ ማጠብ አያጸዳውም። መኪናው ላይ እንዳለ በፍጹም አይበየድ። አውርዱት፣ የነዳጅ መለኪያውን ተንሳፋፊና ቱቦዎቹን ሁሉ ፍቱ፣ በእንፋሎት ወይም በፈላ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ከዚያ የሚያፈሰው ቀዳዳ ከላይ እንዲሆን አድርጋችሁ ከሚበየደው ቦታ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እስኪቆም ውኃ ሙሉት። ክዳኑ ክፍት ይሁን፤ ከውኃው በላይ ያለው አየር ሲሞቅ መውጫ ይፈልጋል። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ደግሞ ለምን ይበየዳል? ያለ እሳት የሚደፍን የሁለት ቱቦ ማጣበቂያ ለነዳጅ የሚሆን አለ።

ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ነው። ጎማው ላዩ ላይ እንዳለ ቸርኬ መበየድ ወይም የዛገ ብሎን በነበልባል ማሞቅ ገዳይ ነው። ንፋሱን ማስተንፈስ አያድንም። ውስጥ ያለው ጎማ ሲቃጠል ራሱ ጋዝ ያመነጫል፣ ያ ጋዝ ከውስጡ አየር ጋር ሆኖ ይፈነዳል፤ ብየዳው አልቆ ከቆየ በኋላም ሊፈነዳ ይችላል። ጎሚስታው መጀመሪያ ጎማውን ከቸርኬው ይለይ። የመኪና አሞርዛቶሪም እንደዚሁ፣ ዘይትና ጋዝ የታፈነበት ዝግ ዕቃ ነው። ሁለት ጫፉ የተደፈነ ቱቦላሬ ስትበይዱም 3 ሚሊ ሜትር መተንፈሻ ብሱለት።

ኮረንቲ 220፦
ውኃ በተሞላ በርሜል አጠገብ ስለ ግራይንደር ካነሳችሁ የኔ ሙያ ነው። በውኃ መሃል በሶኬት የሚሠራ ግራይንደር አይያዝ። ውኃው ተደፍቶ፣ በርሜሉም መሬቱም ደርቆ፣ በቆዳ ወይም በጎማ ሶል ጫማ ይሁን፤ ባለ ባትሪው ግራይንደር ካለ ደግሞ እሱ ይቅደም። መስመሩ ላይ ባለ 30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ ኮረንቲ መቁረጫ ይገጠም። በብዙ ቤት ያለው ተራ ብሬከር ሽቦውን ከመቃጠል እንጂ ሰውን አያድንም፦ 16 አምፔር እስኪያልፍ ይጠብቃል፣ ልብን ለማቆም ግን ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛው እንኳ ይበቃል።

እኛ አገር ሊታሰብበት የሚገባው የመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሲጠፋ ግራይንደሩ ማብሪያው እንደተቆለፈ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ይረሳዋል። መብራቱ ሲመጣ በደቂቃ 11,000 ዙር እየዞረ ወለሉ ላይ ይሮጣል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀል። ዲስክ ሲቀየርም እንደዚሁ፣ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን መንቀል።

የብየዳ ማሽኑን በተመለከተ፦ መያዣው ላይ ሳይበየድ የሚቆመው ቮልቴጅ ከ50 እስከ 80 ነው። ዝቅተኛ ይመስላል። ላብ ያራሰው ጓንት ለብሶ ብረት ላይ የተቀመጠ ሰው ግን በሱ ሊሞት ይችላል፣ በተለይ ሰፈር ውስጥ የሚጠቀለሉት ትራንስፎርመሮች የሚሰጡት ተለዋዋጭ ኮረንቲ ስለሆነ። በዝናብ አይበየድ፣ ኤሌክትሮድ በባዶ እጅ አይቀየር፣ የማሳው (የመመለሻ ሽቦው) መቆንጠጫ የሚበየደው ብረት ላይ፣ ለብየዳው ቅርብ ሆኖ፣ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ ይታሰር። ማሳን ከቤቱ ፌሮ ጋር ማሰር ኮረንቲውን ማንም በማያውቀው መንገድ ይለቀዋል።

ሞርሳ፦
ስለ ዲስክ ልጨምር፣ ምክንያቱም ከፍንዳታው ይልቅ በየቀኑ ሰው የሚጎዳው በሱ ነው። ትንሹን ግራይንደር መከለያውን አውልቀው 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚገጥሙ አሉ። ሒሳቡን እዩት። የ230 ዲስክ የሚፈቀድለት ፍጥነት በሰከንድ 80 ሜትር ነው፤ ይኼም በደቂቃ 6,600 ዙር ገደማ ማለት ነው። 11,000 ዙር በሚዞር ትንሽ ግራይንደር ላይ ሲገጠም ጠርዙ በሰከንድ ከ130 ሜትር በላይ ይሄዳል። ፍጥነቱ እንዲህ ሲጨምር ዲስኩን የሚገነጥለው ኃይል ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ያድጋል። ተሰብሮ ሲወረወር የሚሄደው ወደ አንገትና ፊት ነው። መከለያው ቢኖር ያዘው ነበር፣ ግን ዲስኩ እንዲገባ ተብሎ ወልቋል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ዙር ከግራይንደሩ ዙር ያነሰ ከሆነ አይገጠምም፤ ሌላ መከራከሪያ የለውም።

መሃል ያለውን የብረት ቀለበት አንብቡ፤ ወርና ዓመት ተመትቶበታል፤ የአገልግሎቱ ማብቂያ ነው። ማጣበቂያው እርጥበት ሲያገኘው ይደክማል፣ ስለዚህ ወለል ላይ የከረመ ወይም የወደቀ ዲስክ ባይሰነጠቅም አይታመን። አዲስ የተገጠመውን ከሥራ በፊት ከፊታችሁ አርቃችሁ 30 ሰከንድ ባዶውን አስዙሩት። በ1 ሚሊ ሜትር መቁረጫ ዲስክ ጎን አትሞርዱ፤ ጎኑ ጫና አይችልም።

በርሜል ስትቆርጡ ደግሞ ዲስኩ የሚነክሰው ላሜራው ሲዘጋበት ነው። ስንጥቁ በጣውላ ሽብልቅ ተከፍቶ ይቆይ፣ ግራይንደሩ በሁለት እጅ በጎን እጀታው ይያዝ፣ ሰውነታችሁ ከዲስኩ መስመር ወደ ጎን ይሁን። ነጠላ፣ ፎጣ፣ የተንጠለጠለ ገመድ አንገት ላይ አይኑር።

ብረትና እሳት፦
ገባኝ ሞርሳ። ትንሹ ግራይንደር ላይ ያለው ትልቅ ዲስክ ነገ ይወርዳል። አንድ ቀሪ፦ አንዳንዱን በርሜል ካስቲኖ የተነከረ ላሜራ እግር እንበይድለታለን፣ ማታ ማታ ልጆቹን ያንቀጠቅጣቸዋል። ወተት እናጠጣቸዋለን። የዓይን መቃጠሉም አለ።

የሥራ ጤና ነርስ፦
«ካስቲኖ» ያሉት ዚንክ የተቀባውን ብረት ከሆነ፣ ማታ የሚያንቀጠቅጣቸው የዚንክ ጭስ ነው። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ የዚንክ ኦክሳይድ ነው፤ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ቆይቶ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያመጣል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ወተት ምንም አያደርግለትም፤ ጭሱ የገባው ወደ ሳንባ እንጂ ወደ ሆድ አይደለም። ጉዳቱ ሰው ወተት ጠጥቻለሁ ብሎ ጭሱን መተንፈሱን መቀጠሉ ነው። ደግሞ ምልክቱ ከወባ ጋር ይመሳሰላል፦ ወባ ባለበት አካባቢ ከሆኑ «የብየዳ ነው» ብለው አይተዉት፣ ደም ያስመርምሩ። የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወይም ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ካለፈ ወዲያው ሐኪም ቤት።

መፍትሔው ከብየዳው መስመር በሁለቱም በኩል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዚንኩንና ቀለሙን ሞርዶ ማንሳት፣ ውጭ ወይም ክፍት በር ጋ መበየድ፣ ጭሱ ወደ ፊት እንዳይመጣ ንፋሱን ከጎን ማድረግ ነው። የጨርቅ ማስክ ይህን ጭስ አያጣራም፤ ቢያንስ ኤፍኤፍፒ2 ወይም ኤን95 ይግዙ። በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የብየዳ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መካከል መድቦታል፣ ስለዚህ ነገሩ ለማታው መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። ብረቱን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አጥበው ወዲያው አይበይዱ፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ከሆነ የብየዳው ጨረርና ሙቀት ፎስጂን የሚባል መርዛም ጋዝ ያወጣበታል።

ዓይንን በተመለከተ፦ የሚያቃጥለው የማይታየው ጨረር ነው፣ ሕመሙ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከብየዳው በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ ሌሊት ነው። ለ2.5 እና ለ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ቁጥር 10 ወይም 11 መስታወት፣ ለጋዝ መቁረጫ ቁጥር 5። የፀሐይ መነጽር ለብየዳ አይሆንም። ኤሌክትሮድ የሚያቀብለው ልጅም ጨረሩ ያገኘዋልና ማስክ ያድርግ ወይም በመጋረጃ ይከለል። ከተቃጠለ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ የተከደነ ዓይን ላይ፣ ጨለማ ክፍል፣ አለማሸት። ወተትም ጥሬ ድንችም ዓይን ውስጥ አይግባ፣ ቁስሉ ላይ ተሕዋስ ይጨምራል። ማደንዘዣ ጠብታ ከፋርማሲ ገዝቶ ደጋግሞ መጠቀም ደግሞ የዓይኑን የፊት ሽፋን (ኮርኒያውን) እስከ መብሳት ያደርሳል። ብረት የገባበት ዓይን ከሆነ ለብቻው ጉዳይ ነው፤ በማግኔትም በክብሪት እንጨትም አይነካ፣ በዕለቱ የዓይን ሐኪም ያውጣው።

የብየዳ መምህር፦
እህቴ ያለችው ላይ አንድ ነገር ብቻ። ማስክ፣ ጓንት፣ መነጽር ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ይደነግገዋል። ከሠራተኛው ደሞዝ የሚቆረጥ ነገር አይደለም።

ብረትና እሳት፦
አዎ፣ ዚንክ የተቀባውን ማለቴ ነው፣ በሰፈር አጠራር ጻፍኩት። ማስኩን እኔ እገዛለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የእጥበቱን ውኃ የት ልድፋው? እስካሁን ቦይ ነው።

ጋራዥ ሠፈር፦
ቦይ አይሆንም። ቤንዚኑ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይሄድና ትነቱ በቱቦው ውስጥ ተከማችቶ ታች ያለ ቤት ሲጋራ ወይም ከሰል ያገኘዋል። ራሱ የተከፈተ አንድ በርሜል ከሥሩ ቧንቧ ግጠምለትና የእጥበቱን ውኃ እሱ ውስጥ አጠራቅም። ከብየዳው ቦታ ቢያንስ 11 ሜትር ይራቅ፣ ፍንጣሪ እስከዚያ ይደርሳል። አንድ ቀን ሲያድር ዘይቱ ከላይ ይቀራል፤ ከሥር ያለውን ውኃ ቀድተህ ለሚቀጥለው በርሜል የመጀመሪያ እጥበት ተጠቀምበት። ላዩ ላይ የቀረውን ዘይት የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስቡት ስጥ። ቤንዚን የሸተተውን ግን ከዘይቱ ጋር አትቀላቅልባቸው፣ ለየብቻ ዕቃ አድርግ።